የባቡር ጣቢያ ሹሙ ሳጥን፦ ከደሴ የአንድ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ደሴ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጪ ባለኝ ጊዜ የአባቶቻቸውን ወረቀት ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦችን አግዛለሁ። የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነው፤ አባታችን ማን እንደነበሩ በጽሑፍ ይቀመጥልን ይላሉ። ይህን ጉዳይ ለብቻው መመዝገብ ያስፈለገኝ፣ የአንድ ሠራተኛ ዘመን በሰነድ ብቻ ሲጻፍ ግማሹ እንደሚቀር፣ የቀረው ግማሽም የት እንደሚገኝ ቁልጭ አድርጎ ስላሳየ ነው። ቤተሰቡ እንዲጻፍ የፈቀደው ስም ሳይጠቀስ ስለሆነ የጣቢያውንም ስም ትቼዋለሁ።

ሟቹ የወሎ ሰው ናቸው። በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ካሉት ትናንሽ ጣቢያዎች በአንዱ የጣቢያ ሹም ሆነው ኖረዋል። በሕይወት ያሉት ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፦ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ ታላቅ እህት፣ ድሬዳዋ የተማሩ መካከለኛ ወንድም፣ ኮምቦልቻ የተወለዱ ታናሽ ወንድም። ጉዳዩን ወደ እኔ ያመጡት ወንድሞቹ ናቸው። በጎ አሳብ ይዘው ነው የመጡት። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች ስለ ባቡር ይጠይቃሉ። አባታቸው ደግሞ ከዚሁ ከወሎ ተነሥተው አዋሽ በረሃ የወረዱ የባቡር ሰው ነበሩ። ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው ለትምህርት ቤቶች ለመስጠት አሰቡ።

የሰውየው መንገድ

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈ። የኋላው የጣቢያ ሹም አባት ከዚያ ካልተመለሱት የወሎ ሰዎች አንዱ ናቸው። ልጁ ገና ትንሽ ነበር። እናቱ ይዛው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቤት ገባች። በዚያው በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ ደረሰ። አባት ያሳጣው ዓመትና እንጀራ ያመጣለት ዓመት አንድ መሆኑን ሰውየው ለልጆቻቸው ደጋግመው ይነግሯቸው እንደነበር ሦስቱም ያስታውሳሉ። ሦስቱ ልጆች ያለ ክርክር ከተስማሙባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሐዲዱ ራሱ ብዙ የተንገላታ ሥራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ በ1895 ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር ቢሆንም ዳገቱ ስለከበደ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ በዚያ ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ወደቀ። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ በ1900 ተተክቶ ነው ሥራው የቀጠለው። ሲያልቅ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ፈረንሳይኛ ማንበብና መጻፍ የቻለ አበሻ ልጅ በር ይከፈትለት ነበር።

ልጁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ። በ1910ዎቹ መጨረሻ በተላላኪነት ተቀጠረ፤ ከዚያ ሐዲድ ቀያሪ (ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚመራውን መቀየሪያ የሚይዝ ሠራተኛ)፣ ከዚያ የጣቢያ ረዳት፣ ከዚያ የጣቢያ ሹም ሆነ። ሚስት ያገባው ከወረባቦ፣ ከእስላም ቤት ነው። እሱ ክርስቲያን ነበር። በወሎ ይህ የሚደንቅ ነገር አይደለም፤ ለጣቢያው ኑሮ ግን ምን ያህል እንደጠቀመ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በአንድ ሐዲድ ላይ የሚኖር ሰው ቀን

የጣቢያ ሹም ሲባል ብዙ ሰው ትኬት ቆራጭ ይመስለዋል። ትኬት መቁረጡ ከሥራው ትንሹ ነው። መስመሩ አንድ ሐዲድ ብቻ ስለሆነ ከላይና ከታች የሚመጡ ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ነው፤ አንዱ በጎን ሐዲድ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። ስለዚህ ከጎረቤት ጣቢያ ባቡር ከመነሣቱ በፊት የዚያ ጣቢያ ሹም በሽቦ መልእክት ይጠይቃል። ተጠያቂው ሐዲዱ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ መቀየሪያው በትክክል መያዙን አይቶ ይምጣ ይላል። የተጠየቀበትን፣ የፈቀደበትን፣ ባቡሩ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ይመዘግባል። አንድ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ይምጣ ቢል ሁለት ባቡር በረሃ መካከል ፊት ለፊት ይገናኛል።

ከዚህ ሌላ ጭነት በባስኩላ ይመዝናል፤ ቡና፣ ቆዳ፣ ጨው፣ ማሽላ። ፉርጎ ይቆጥራል፣ ያሽጋል። የፋኖሱን ላምባ ይሞላል። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ጠጪ ስለሆነ ውሃ በሚቀዳበት ጣቢያ ማጠራቀሚያው መሙላቱን መከታተልም የዚያው ሹም ኃላፊነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመንገደኛ ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ስለነበር መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። እንደ አዋሽ ያለ ጣቢያ ሆቴል ነበረው። ትንሹ ጣቢያ ግን ቢሮ፣ ከቢሮው ጋር የተያያዘ የሹሙ መኖሪያ፣ የሐዲድ ሠራተኞች ጎጆ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና ጸሐይ ነው።

ችግሩ

የሟቹ ንብረት በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ተቀምጦ ኖሯል፦ የአገልግሎት ምስክር ወረቀቶች፣ ደረሰኞች፣ ፎቶግራፎች፣ የኪስ ሰዓት፣ ፊሽካ፣ በእርሳስ የተጻፈ አንድ የኪስ ማስታወሻ ደብተር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲገባ ቤተሰቡ ሸሸ። ሲመለሱ ሳጥኑ ተሰብሮ ወረቀቱ ግቢው ውስጥ ተበትኖ አገኙት። የከተማው ሙዚየም እንኳ በተዘረፈበት ወቅት ይህን ያህል መትረፉ ተመስገን የሚያሰኝ ነው። ሰዓቱና ፊሽካው ጠፍተዋል። ወረቀቱ ግን ቅደም ተከተሉ ጠፍቶ፣ ከፊሉ ተቀዶ፣ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ተቀመጠ።

ከዚያ የከበደው ችግር በቃል የሚነገረው ታሪክ ከወረቀቱ ጋር አለመግጠሙ ነበር። ታላቅ እህት የተወለዱት አባታቸው በተሾሙበት ዓመት በ1934 እንደሆነ ይናገራሉ። የሹመቱ ወረቀት 1942 ይላል። ወንድሞቹ ይህን ይዘው እህታቸው ዕድሜያቸውን በስምንት ዓመት ጨምረዋል ብለው ደመደሙ፤ የሚሉትንም ሁሉ መጠራጠር ጀመሩ። እህት ጠዋት የሚተላለፉት ባቡሮች የሚገናኙት በሦስት ሰዓት ከአርባ ነው ሲሉ ደብተሩ 9፡40 ይላል። መካከለኛው ወንድም በበኩላቸው አባታቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ሲወጡ የጣቢያ ሹም ሆነው እጅ ነሥተዋል ይላሉ፤ ለመጽሐፉ መክፈቻ ያሰቡትም ይህን ነው። የሚደግፍ ወረቀት የለም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ወረቀቱን ማንም ሳያነበው እንዲጸዳ አደረግን። አቧራው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ፣ እያንዳንዱ ቅጠል በቀን ብርሃን ጥላ ውስጥ በስልክ ፊትና ጀርባው ተነሣ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ በነጭ ወረቀት ፖስታ ገባ። ቁጥሩ የተጻፈው ፖስታው ላይ ነው፤ ሰነዱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ፎቶግራፎቹን በጀርባቸው ማንሣቱ ትልቅ ጥቅም ሰጠን፤ ብዙዎቹ ላይ ቦታና ዓመት ተጽፎ ነበር።

ቀጥሎ ዓመት የሌላቸውን ደረሰኞች በገንዘቡ ዓይነት ለየናቸው። ይህ መንገድ ለማንኛውም የዚያ ዘመን ወረቀት ስለሚሠራ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። በጠገራ ብር (በማሪያ ቴሬዛ) የተቆጠረ ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከጣሊያን በፊት ነው፤ ጠገራው ከዚያም በኋላ በገበያ ስለቆየ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሊሬ ካለበት ከ1928 እስከ 1933 ባለው ውስጥ ነው። ሺልንግ ካለበት እንግሊዞች ከገቡ በኋላ ያለው አጭር ዘመን ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሺልንግ እስከ 1937 ሠርቷል። ከ1937 ሐምሌ ወዲህ የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የነበረው ክምር በዚህ ብቻ በአራት ተከፈለ፤ የሰውየው የሥራ ቅደም ተከተልም ብቅ አለ።

ስለ ዓመቱ የነበረው ክርክር የተፈታው ወረቀቱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑን በማስታወስ ነው። ኩባንያው የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር። 1942 ማለት በእኛ 1934 ነው። የቃሉ ታሪክም ይህን ያጠናክራል፤ እህት አባታቸው የተሾሙት የአዋሽ ድልድይ በተሰበረ ማግሥት ነው ይላሉ፣ ድልድዩን ደግሞ ጣሊያን ሲያፈገፍግ ያፈረሰው በ1933 ዓ.ም. ነው። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ። ባቡሩ የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ስለነበር 9፡40 ሲባል በቤት አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከአርባ ነው። እህት አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገቡም። የባቡሮቹን መግቢያና መውጫ ግን ከሰባ ዓመት በኋላ ከደብተሩ ጋር ደቂቃ ሳያዛንፉ ነገሩን። በዚያ ዕለት ወንድሞቹ ዝም ብለው መስማት ጀመሩ፤ ለሥራው ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእርሳሱ ጽሑፍ ሌላ ፈተና ነበር። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ መምህር አሳየን፤ ቃላቱን አነበበ፣ ትርጉም ግን አልሰጠውም፤ ግማሹ አሕጽሮት ነው። በቤተሰቡ ትውውቅ ድሬዳዋ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ተገኙ። ፎቶውን በቴሌግራም እየላክን እሳቸው በስልክ እያነበቡ አስረዱን። የትኛው ምልክት የጭነት፣ የትኛው የመንገደኛ ባቡር እንደሆነ፣ ከሰዓቱ ጎን ያለችው ትንሽ መስመር መዘግየትን እንደምታሳይ የነገሩን እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ደብተር ከቋንቋ አዋቂ ይልቅ ሙያውን የሠራ ሰው ይፈታዋል።

ስለ ንጉሡ ባቡር የተገኘው ይህ ነው። በ1928 ዓ.ም. ሰውየው ሹም አልነበሩም፤ በሌላ ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ነበሩ። ያ ባቡር ጅቡቲ ለመድረስ በመስመሩ ያሉትን ጣቢያዎች ሁሉ አልፏልና፣ በተመደቡበት ከነበሩ መቀየሪያውን ይዘው ሳይቆሙ አልቀሩም። መካከለኛው ወንድም መጀመሪያ ቅር አላቸው። እኔ ግን ይህኛው ይበልጣል አልኳቸው፤ እጅ የሚነሣ ሰው በየጣቢያው ሞልቷል፣ ሐዲዱን ያስተካከለ ግን አንድ ሰው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ወረቀቱ እስከሚለው ድረስ ብቻ ተጻፈ።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ስብሰባ ከንቱ ሆኖ ቀረ። ሦስቱን ልጆች በአንድ ክፍል አስቀምጦ መቅረጫ ማብራት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። የተቀዳው የወንድሞቹ ድምፅ ብቻ ነው፤ እህት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አንዱ ይቀጥልላቸዋል። ያዘጋጀሁት የጥያቄ ዝርዝርም አልረዳም። የሹመት ዓመት፣ የደመወዝ መጠን፣ የሽልማት ዓይነት የሚጠይቅ ዝርዝር የሚመልሰው ወረቀት ያለው ሰው ብቻ ነው።

የማይጠገን ጉዳትም አለ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ የልጅ ልጅ በቅንነት ሁለት ምስክር ወረቀቶችን ማተሚያ ቤት ወስዶ በፕላስቲክ አስለብዷቸዋል። ሙቀቱ የማኅተሙን ቀለም አደበዘዘው፤ ፕላስቲኩ አሁን ሊላቀቅ አይችልም። ሌሎች የተቀደዱ ቅጠሎች በተለጣፊ ፕላስተር ተጣብቀው ነበር፤ ሙጫው ወደ ቡናማነት ተለውጦ ፊደል በልቷል። ይህን በየቤቱ አየዋለሁ። የሚያሳዝነው ለወረቀቱ ከሁሉ የሚሳሳው ልጅ ነው ይህን የሚያደርገው።

ወረቀቱ የማያውቀው ግማሽ

ከዚያ በኋላ እህትን ለብቻቸው፣ በቤታቸው፣ ቡና ሲፈላ ማነጋገር ጀመርኩ። ጥያቄዬም አንድ ሆነ፦ እትዬ፣ የመጀመሪያው ባቡር እስኪመጣ ቤት ውስጥ ማን ምን ይሠራ ነበር? አቦሉ ሳይወርድ ስለ እናታቸው መናገር ጀመሩ፤ በረካው አልፎም አላበቁም።

ውሃ የሚመጣው በፉርጎ ነው። እናት በርሜሎቹን ተቀብለው ያከፋፍላሉ፦ ለቤት፣ ለሐዲድ ሠራተኞቹ ሚስቶች፣ ለታመመ መንገደኛ። ባቡሩ ከዘገየ የሚቀንሱት ከቤታቸው ድርሻ ነው። ሊቶሪና የሚባለው ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር በመስመሩ ማለፍ ሲጀምር ትንሹ ጣቢያ ስለማይቆም ደስ አላላቸውም፤ ከሚያልፈው ባቡር ሽንኩርትና በርበሬ የሚላክላቸው በሚቆመው ብቻ ነው።

የጣቢያው ሰላምም በእናት እጅ ነበር። ዙሪያው የኢሳ፣ የአፋርና የኢቱ ኦሮሞ አርብቶ አደር አገር ነው። ሐዲዱ በግጦሽ መሬት መካከል ያለፈ ባዕድ ነገር ነው፤ ከብት ይገጫል፣ በዚያ ጠብ ይነሣል። ኩባንያው በመዝገብ የሚያውቀው ዘበኛና ጠመንጃ ነው። እህት የሚያውቁት ሌላ ነው። ከእስላም ቤት የወጡት እናታቸው ወተት ይዘው ለሚመጡት ሴቶች እንደ ወረባቦ ወጋቸው ጀበና ጥደው፣ ዕጣን አጭሰው፣ ዱዓ አድርገው ይሸኟቸዋል። በሬ የተገጨ ዕለት ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚመጡት ወደ ቢሮው ሳይሆን ወደ ጓሮው ነው። ባል ለኩባንያው ሪፖርት የሚጽፈው ነገሩ ጓሮ ላይ ከበረደ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ያሉት አዛውንት ይህን ሲሰሙ አልገረማቸውም።

ክረምት ሲወጣ ወባ ይነሣል። ሹሙ ሲታመሙ ምትክ እስኪላክ ቀናት ያልፋሉ፤ ባቡር ግን አይጠብቅም። በእንደዚህ ያለ ጊዜ እናት ከሽቦው አጠገብ ይተኛሉ። ደወሉ ሲጮህ ባላቸውን ደግፈው ያነሣሉ፣ እሳቸው የሚሉትን ይሰማሉ፣ ሐዲድ ቀያሪውን ይቀሰቅሳሉ፣ ሴት ልጃቸው ፋኖስ ይዛ ትከተላለች። ትኩሳቱ ሲጠና ሹሙ የማይነሡበት ሌሊት ነበር። ያን ሌሊት መቀየሪያው መያዙን ሄደው ያዩት እናት ናቸው። ልጅቱ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወንዶቹ ልጆች ሰባት ሲሞላቸው ድሬዳዋ ዘመድ ቤት ተልከው ይማራሉ፤ ሴቷ የቀረችው ለዚህ ሥራ ነው። እትዬ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታም ኩራትም ነበር፤ ሁለቱንም እንዳሉ ጻፍኩ።

በደብተሩ ውስጥ አንድ ገጽ አለ። ቀኑ በፈረንጅ ግንቦት 9 ቀን 1951 ነው፤ በእኛ ግንቦት 1 ቀን 1943፣ ልደታ። የባቡሮቹ መግቢያና መውጫ እንደ ሌላው ቀን ተሞልቷል፣ የጭነቱ ክብደት ተጽፏል፣ ስርዝ ድልዝ የለበትም። እህት ያንን ቀን የሚያስታውሱት ጡት ያልጣለ ወንድማቸው በትኩሳት የሞተበት ቀን ብለው ነው። ከሰዓት በኋላ በሁለት ባቡሮች መካከል ባለው ጊዜ ከሐዲዱ ማዶ ግራር ሥር ቀበሩት። ወንድሞቹ ይህን ልጅ መኖሩንም አያውቁም ነበር። አባት ቸልተኛ ስለነበሩ አይደለም ደብተሩ ዝም ያለው፤ ለባቡር ሰዓት እንጂ ለልጅ ሞት የተሰመረ ዓምድ ስላልነበረው ነው። ወረቀት ብቻ ይዤ ብሠራ ኖሮ ይህን ገጽ መደበኛ የሥራ ቀን ብዬ አልፈው ነበር።

በመጽሐፉ ላይ የተነሣው አለመግባባት

እናት በሕመም ጊዜ ጣቢያውን መጠበቃቸው ይጻፍ አይጻፍ በሚለው ከባድ ክርክር ተነሣ። መካከለኛው ወንድም ተቃወሙ። ምክንያታቸውን አከብራለሁ፦ አባታቸው በሥራቸው አንድ ቀን ያልተቀጡ ሰው ናቸው፣ ይህ ቢጻፍ ደንብ ጥሰው ሐዲድ ለሴትና ለሕፃን የሰጡ ያስመስላቸዋል። እህት ሳይጻፍ ከቀረ እኔ የተናገርኩት በሙሉ ይውጣ አሉ። ለተወሰነ ጊዜ ሥራው ቆመ።

የፈታው የድሬዳዋው አዛውንት ስልክ ነው። እሳቸውም ያደጉት በጣቢያ ቤት ነበርና በእነሱም ጣቢያ በወባ ወቅት ሽቦውን የሚጠብቁት እናታቸው እንደነበሩ ነገሯቸው። ኩባንያውም ሳያውቅ አይቀርም አሉ፤ ባለትዳር ሹም ለትንሽ ጣቢያ ይመረጣል ሲባል እንደሰሙ ጨመሩ። ይህ የአንድ ሰው ቃል ስለሆነ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ምስክርነት እንጂ እንደ ኩባንያው ደንብ አልገባም። ወንድም ግን በዚህ ልባቸው ረጋ። ምዕራፉ ገባ፤ የእናትም ስም ከአባት ስም ጎን በሽፋኑ ላይ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወስጄ አሁን በሌሎች ቤተሰቦች ዘንድ የምሠራበት ነገር አለ። ጥያቄን ከሹመት ሳይሆን ከቀን ውሎ መጀመር፤ ማን ቀድሞ ይነሣል፣ ውሃ ከየት ይመጣል፣ ሰውየው ሲታመም ማን ይተካል። ይህ ጥያቄ ለፖስታ ቤት ሠራተኛም፣ ለመንገድ ሥራ ሰፈር ኃላፊም፣ ለኬላ ጠባቂም፣ በገጠር ለተመደበ አስተማሪም እኩል ይሠራል። የሥራ ቦታና መኖሪያ ቤት አንድ ጣሪያ ሥር ከነበሩ ሥራውን የሠራው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ያልተማረን ሰው ትዝታ ለመፈተን ደግሞ ከወረቀቱ ጋር ከማጋጨት በፊት የሁለቱን የጊዜ አቆጣጠር ማስታረቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ዓመቱም ሰዓቱም ሁለት ነው። በባቡር፣ በባንክ፣ በሚሲዮን ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የፈረንጅ መሆኑ ሳይጣራ አያትን ውሸታም ማድረግ ቀላል ነው። የአዋሽ ድልድይ መፍረስ እንዳለ ሁሉ በየአካባቢው ዓመቱ የማያከራክር ክስተት ስላለ በእሱ መለካት ይቻላል።

የቤተሰብ ዝና ከሰነድ ጋር ሲጋጭ ዝናውን በአንድ ጊዜ ማፍረስ አያስፈልግም። ሰነዱ የሚለውን አውጥቶ፣ በዚያ ውስጥ ለሰውየው የሚገባውን ክብር መፈለግ ይሻላል። ሴቶችን ለብቻ ማነጋገር፣ እነሱ በመረጡት ቦታና ሰዓት። ወረቀትን ማለበድም ማጣበቅም መተው፤ ፎቶ አንሥቶ ቅጂውን በተለያዩ ቤቶች ማስቀመጥ። የደሴው ሳጥን ሲሰበር ሌላ ቦታ አንድ ቅጂ እንኳ ቢኖር ኖሮ የጠፋው በዚያ መጠን ባልጎዳ ነበር።

አሁን ያለበት ደረጃ

መጽሐፉ ታትሞ ለኮምቦልቻና ለደሴ ትምህርት ቤቶች ተሰጥቷል። ዋናዎቹ ወረቀቶች በእህት ቤት ናቸው፤ የፎቶ ቅጂው በወንድሞቹና በእኔ ዘንድ ይገኛል። ከደብተሩ ገጾች ያልተነበቡ አሉ፤ እርሳሱ በጣም የደበዘዘባቸውን በጎን ብርሃን እንደገና ለማንሣት ጀምረናል።

የሕፃኑ መቃብር አልተገኘም። በአሮጌው መስመር በዚያ በኩል ባቡር ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በሌላ ሐዲድ ነው የሚያልፈው። የጣቢያው ቤት ግድግዳ አሁንም መቆሙን የድሬዳዋው አዛውንት በሰው አስጠይቀው አረጋግጠዋል። ሁለቱ ወንድሞች ሙቀቱ ሲበርድ ወርደው ቦታውን ለማየት ተስማምተዋል። እህት ዕድሜያቸው ለመንገዱ ስለማይፈቅድ፣ ከቢሮው በር እስከ ግራሩ ያለውን ርቀትና አቅጣጫ በቃል አስረድተው በወረቀት አስነድፈው ሰጥተዋቸዋል።